ካርዱ ሲጠራ

ደሳለውን ባየሁት ቀን ነው የጠላሁት። ባለሙያ ተብሎ ከደሴ መጥቶ መካነ ሰላም ከመኪና ሳይወርድ "እዚህ ሰርቨር የሚያውቅ ሰው አለ?" ያለ ሰው እንዴት ይወደዳል? የመሬት ጽሕፈት ቤታችንን ሰርቨር አራት ዓመት የያዝኩት እኔ ይርገዱ ነኝ።

የመሬት መዝገቡ እዚያ ማሽን ላይ ነው። ደሳለው አዲስ የኔትወርክ ካርድ ገጥሞለት ከሄደ ወዲህ አንድ ገጽ ለመክፈት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ገበሬው ደጃችን ላይ ሳምንት ይከርማል። አለቃዬ አቶ አባተ ደግሞ "በቸልተኝነት" ብለው ሁለት ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። በሦስተኛው እባረራለሁ።

በሽታውን ግን አገኘሁት። ካርድ መረጃ ሲደርሰው ማሽኑን ይጠራል። አጠራሩ ሦስት ዓይነት ነው፤ አዲሱ፣ መካከለኛውና አሮጌው። ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ሲነሣ "እስቲ አንዴ ጥራኝ" ብሎ ይፈትነዋል፤ ካልሰማ ወደ አሮጌው ይወርዳል። ብልጡ ደሳለው ግን አዲሱ አጠራር ይበልጣል ብሎ ፈተናውን ዘግቶት ሄዷል። የኛ ማሽን አዲሱን አይሰማም። ካርዱ ሲጠራ ይውላል፣ መረጃው የሚገባው ማሽኑ አልፎ አልፎ ራሱ ዞር ብሎ ሲያይ ብቻ ነው።

ያለ አቶ አባተ ፈቃድ ማሽኑን መንካት ክልክል ስለሆነ ማመልከቻ ጻፍኩ። መልስ የለም። የኔ ጉዳይ በተያዘበት ስብሰባ ደሳለው ከደሴ ተመልሶ መጥቶ ስለ እኔ ስንፍና ሲተነትን እጄን አወጣሁ። አቶ አባተ አላዩኝም። "ጨዋታህን ማር ይቁረጠውና..." አልኩት ደሳለውን። ቀጠለ።

ደሜ ፈላ። ተነሥቼ "ኡኡ!" አልኩ፤ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ።

ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች እሳት የተነሣ መስሏቸው ዱላቸውን ይዘው ገቡ።

"አብሽሪ ልጄ! ማን ነካሽ?" አሉ ከፊት የነበሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ አዩብ።

"ማንም አልነካኝም፣ ጋሼ። ማሽኑ ይፈተን ብል የሚሰማኝ አጣሁ።"

ጋሽ አዩብ ወደ ደሳለው ዞሩ። "ታዲያ ይፈተና! ምን ያስፈራሃል?"

በዚያ ሁሉ ዱላ ፊት አቶ አባተ እምቢ ማለት አልቻሉም። ፈተናውን መልሼ ከፍቼ ማሽኑን አስነሣሁት። አዲሱ፣ ጥሪ አልተሰማም። መካከለኛው፣ አልተሰማም። አሮጌው፣ ደረሰ። የጋሽ አዩብ መዝገብ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ተከፈተ። ደሳለው ስልኩን መነካካት ጀመረ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ አቶ አባተ ጠርተው ደብዳቤ ሰጡኝ። ስንብት ነው። ቀድሞ ታትሞ የተቀመጠ ኖሯል፤ "በቸልተኝነት" የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ "ሁከት በማስነሣት" ተጽፎበታል።

"እንደ አዲስ ለማተም እንኳ አልደከሙም?" አልኳቸው።

"ወረቀት አልቋል" አሉኝ።