ጭቃ በጭቃ ላይ

መሬት የተንቀጠቀጠችው በጥር፣ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ሳለ ነው። ቀድመው በሬዎቹ መዞራቸውን ተዉ። ከዚያ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣና ሰዉ በአንድነት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጉርምርምታ በተሰማ ቁጥር አውሮፕላን መፈለግ የሁሉም ልማድ ሆኗል። ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ባዶ ነበር። የዚያን ቀን መከራ የመጣው ማንም ካልጠበቀበት፣ ከእግራቸው ሥር ነው። ብዙም አልቆየም። ጥቂት ጎጆ ወደቀ፣ አንዲት ጊደር ገደል ገባች፣ ሰው አልሞተም። የግራራምባ ሰው «ተመስገን» አለና ወደ እህሉ ተመለሰ።

ቄስ አካለ ወልድ ግን ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ ወደ ጉብታው ሮጡ። የግራራምባ ሚካኤል ገበዝ እሳቸው ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍም፣ ዕቃውም፣ ጭንቀቱም በእሳቸው ትከሻ ላይ ነው። በሩን ከፍተው ክቡን የውጭ ግድግዳ ዞረው አዩት፤ ደኅና ነው። መጋረጃውን ገልጠው ታቦቱ ካለበት ከመቅደሱ ገቡ። ጣሪያውን የሚሸከመው የድንጋይ ግድግዳ በሰሜን በኩል ከላይ ጀምሮ እስከ ወገብ ተሰንጥቋል። እጃቸውን ሰደዱበት። ጣቶቻቸው ገቡ።

«ምነው ሚካኤል፣ የቀረን ይህ ብቻ አልነበረም?» አሉ፣ ቁጣም ልመናም በሆነ ድምፅ።

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዙሪያው የተቃጠለው ደብር ጥቂት አይደለም። ታቦት በራሳቸው ላይ ተሸክመው በየዋሻው የተሰደዱ ካህናትን እሳቸው ራሳቸው ተቀብለው እግራቸውን አጥበዋል። ግራራምባ ሚካኤል የተረፈው ጣሊያኖቹ ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ ምሽግ ሲሠሩ ሰዉን ማስኮረፍ ስላልፈለጉ ነው። ይህም ውለታ ሆኖ በየጊዜው ይነገራቸው ነበር።

ምሽጉም በመንቀጥቀጡ ተናግቶ ኖሮ፣ ጉዳቱን የሚያይ መሐንዲስ ከደብረ ማርቆስ ተላከ። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲያስል የሚያሳዝን ሰው ነው። ምሽጉን ካየ በኋላ ሙላት የሚባል አስተርጓሚውን አስከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። መቅደሱን ልይ ቢል ቄስ አካለ ወልድ በሩ ላይ ቆመው፣ እንኳን እሱ የአገሬው ምእመን እንደማይገባበት አስነገሩት። አልተቆጣም። ውጭ ውጭውን ዞረ፣ ቱንቢ የሚሉትን ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ገመድ ከጣሪያው ጠርዝ ቁልቁል ለቀቀ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ቤት ይወድቃል ይላሉ» አለ ሙላት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ጣሪያው ወደ ሰሜን አዘንብሏል። ዳግመኛ መሬት ከተነቃነቀች ውስጡ ያለ ሰው አይተርፍም። ታቦታችሁን ወደ ሌላ ደብር ውሰዱት፣ ባዶውን ቤት እኛ እናፈርሰዋለን ይላሉ።»

«ድንጋዩስ?» አሉ ቄስ አካለ ወልድ።

ሙላት ጠየቀ፤ መሐንዲሱ መለሰ።

«ድንጋዩ ለምሽጉ መጠገኛ ይሆናል ይላሉ።»

አለቀ። ሰውየው ያቺን አንዲት ነገር ባይናገር ኖሮ ምናልባት የሚሰማው ይገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማን ይስማው? ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው እየተቀባበሉ ሳቁበት፤ የጣሊያን ተንኮል ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው ሆነ ተባለ። ቄስ አካለ ወልድም አብረው ሳቁ። ጣቶቻቸው ስንጥቁ ውስጥ መግባታቸውን ለማንም አልተናገሩም።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ ግንበኛው አንሙት። ያንን መቅደስ በጎልማሳነቱ ከአባቱ ጋር የገነባው እሱ ነው። ታቦቱ ከገባበት ቀን ወዲህ ግን እንደማንኛውም ምእመን ከመጋረጃው አልፎ አያውቅም። አንድ ልጅ አለው፣ ደምለው የሚባል፤ ዲያቆን ነው፣ በዚያው መቅደስ ያገለግላል፣ ከፋሲካ በኋላ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ተልኮለታል። አንሙት ሌሎቹ እስኪበተኑ ጠብቆ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ አካለ ወልድ ቀረበ።

«አባቴ፣ ፈረንጁ ድንጋዩን ፈልጎ ይሆናል። እሱ ድንጋይ መፈለጉ ግን ግድግዳውን አያቆመውም። ውስጡ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ተሰንጥቋል» አሉ ቄስ አካለ ወልድ።

«ታቦቱ ይውጣና ገብቼ ልየው።»

«ታቦቱ በወጣ ማግስት ያፈርሱታል። ሲል ሰምተኸው የለም?»

አንሙት ወደ ቤቱ ሄዶ በቅል ጭቃ ይዞ ተመለሰ።

«እንግዲያው ዓይን የሚሆኑኝ እርስዎ ነዎት» አለ። «ይችን ወስደው ከስንጥቁ ላይ በአግድም አሻግረው ይለጥፉልኝ፤ ስስ አድርገው። ከአመድ ጋር ስለለወስኳት እንዲያው በደረቀችበት አትሰነጠቅም። ሳትሰነጠቅ ከሰነበተች ግድግዳው ቆሟል ማለት ነው፤ ደምለውም ይቀድስበት። ከተሰነጠቀች ግን ግድግዳው እየሄደ ነው። ያን ጊዜ ጣሊያን ቢያፈርሰውም ያፍርሰው፣ ሰው ይውጣ። ልጄን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ፣ አባቴ።»

«እሺ» አሉ።

ለጠፉት። በማግስቱ ጠዋት ገብተው ቢያዩ ጭቃው መሀል ለመሀል ፀጉር በምታህል ቀጭን መስመር ተከፍሏል። ቄስ አካለ ወልድ ቆመው አዩት። ከዚያ በዘፈቀደ ለጥፌው ይሆናል አሉ ለራሳቸው፤ እኔ ግንበኛ አይደለሁ። ቅሉ ውስጥ ጭቃ ተርፎ ነበርና በላዩ ላይ ሌላ አለበሱበት፣ በዚህ ጊዜ ተጠንቅቀው፣ በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን እየደመደሙ። ሲወጡ አንሙት ከቅጽሩ በር ቆሞ ጠበቃቸው።

«አባቴ፣ ምልክቷ እንዴት አደረች?»

«ደኅና ናት።»

የአንሙት ፊት ሲፈታ አዩ። መስቀላቸውን ተሳልሞ ወደ ሥራው ሄደ።

ሁለተኛዋም ተሰነጠቀች። የፀሐዩ ድርቀት ነው አሉ። ሦስተኛዋም። ሌሊት መሬት ትንሽ ነቅነቅ ብላ ይሆናል፣ ያልፍላታል አሉ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መፈለጉንም ተዉት። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብተው፣ ታቦቱ ፊት ሰግደው፣ «አንተ ያዘው» ብለው ጸልየው፣ በተሰነጠቀው ላይ አዲስ ይለጥፋሉ። ቅሉ ሲያልቅ ራሳቸው አፈርና አመድ እየለወሱ ሞሉት። አንሙትም በየጠዋቱ ይጠይቃል፣ እሳቸውም ደኅና ናት ይላሉ። ደግሞ ውሸት አልነበረም፤ ከላይ ያለችው ምንጊዜም ደኅና ነበረች። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ ያለች ቀዳዳ አያጣም።

አንድ ቀን ሚስታቸው ወለተ ኪዳን እጃቸውን ስታስታጥብ ሳቀች። «አንቱ፣ ጥፍርዎ ሥር ያለው ምንድን ነው? ቅስናውን ትተው ቤት መምረግ ያዙ እንዴ?»

«ዝም በይ!» ብለው ጮኹባት። በትዳር ዘመናቸው ጮኸውባት አያውቁም ነበርና ሴትዮዋ ውኃውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። ብነግራት ለአንሙት ትነግረዋለች፣ አንሙት ልጁን ያስቀራል፣ ሌሎቹም ይቀራሉ፣ ቅዳሴው ይታጎላል፣ ጣሊያን ይመጣል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታያቸው። መልሰው ዘጉት።

ልባቸው ግን ያውቅ ነበር፤ ማወቁን የሚመሰክርባቸው ያደረጉት ነገር ነው። ከሰሜኑ ግድግዳ አጠገብ የነበረውን ዕቃ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ አዛወሩ። ዲያቆናቱንም «ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ የዕጣኑ ጭስ ዓይናችሁን ይበላዋል» ይሏቸዋል። ደምለው እንዲያውም ይቀልድ ነበር፤ «አባ ሲያረጁ ለዓይናችን ራሩ» እያለ። ቄስ አካለ ወልድ የረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕጣን የሚታጠንበት ጽና የሚሰቀልበት እንጨት ከሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ያን ዕለት ሰዉ የቀን ሥራውን አድርሶ ቅጽሩን ሞልቶት ነበር። ቅዳሴው ተጋምሷል። ደምለው ጽናውን ሊያወርድ ወደ ሰሜን ተሻገረ። ቄስ አካለ ወልድ አዩት። «ተወው፣ እኔ አመጣዋለሁ» ሊሉ ነበር፤ ግን በቅዳሴ መሀል ነውና አላሉም። መሬት የተነቃነቀችው ያኔ ነው። ትንሽ ነበረች፤ ውጭ ከቆመው ሰው ብዙው ጭራሽ አልሰማትም። ግድግዳው ግን ሌላ የሚጠብቀው አልነበረም።

አቧራው ሲሰክን ቄስ አካለ ወልድ መንበሩን አቅፈው ተንበርክከው ነበር። የደቡቡ ወገን ቆሟል፤ በሰሜን በኩል ሰማይ ይታያል። ታቦቱን አልብሰው በራሳቸው ላይ ተሸከሙና በፍርስራሹ ላይ እየተደናቀፉ ወጡ። ሕዝቡ ታቦቱ መትረፉን ሲያይ ቅጽሩን በእልልታ አናጋው። ሴቱ እያለቀሰ እልል ይላል፣ ወንዱ መሬት ላይ ይደፋል።

አንሙት ብቻ ታቦቱን አላየም። ከቄሱ ኋላ ማን እንደሚወጣ ያያል። ሁለተኛው ቄስ ወጡ፣ ግንባራቸው እየደማ። አንደኛው ዲያቆን ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ከዚያ በኋላ የወጣ አልነበረም።

አንሙት ገባ። ማንም አልከለከለውም። የገዛ እጁ የካባቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ኋላው ወረወረ፣ ጥፍሩ እስኪነቀል። ልጁን ሲያገኘው ጽናው አሁንም በእጁ ነበር። በማግስቱ ደምለውን እዚያው ቅጽር ውስጥ ቀበሩት፤ የፍታቱን ጸሎት ያደረሱት ቄስ አካለ ወልድ ናቸው።

ታቦቱን ወደ ደብረ ኤልያስ በኩል ወዳለ ደብር በእንግድነት አስገቡት። ወዲያው መሐንዲሱ ከወታደሮችና ከበቅሎዎች ጋር መጣ። ቄስ አካለ ወልድ ዋርካው ሥር ቆመው የመቅደሱ ድንጋይ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ምሽጉ ሲወጣ አዩ። መሐንዲሱ ባርኔጣውን አውልቆ አንድ ነገር አላቸው።

«አዝኛለሁ ይላሉ» አለ ሙላት። «ተናግሬ ነበር ይላሉ።»

የተረፈ ነገር የለም። ቤቱም ሄደ፣ ድንጋዩም ሄደ፣ ልጁም ሄደ። ታቦቱን መጀመሪያ አውጥተው ቢሆን ኖሮ ጣሊያን የሚወስደው ያንኑ ድንጋይ ነበር፤ ደምለው ግን ይኖር ነበር። ቄስ አካለ ወልድ ይህን ሂሳብ ከየትም ጀመሩት ከየት፣ መድረሻው አይለወጥላቸውም።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ አንሙት ወደ ቤታቸው መጣ። ከደጁ ተንበረከከ። ቄስ አካለ ወልድ ወጡ።

«አባቴ፣ ንስሐ ልገባ ነው» አለ። «ክህነት ሳይኖረኝ መቅደስ ገብቻለሁ። ውስጡም ደም ነክቻለሁ። ይፍቱኝ።»

«አንሙት፣ እኔ ነኝ እንጂ…»

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

ከብብቱ አንድ ነገር አውጥቶ ከእግራቸው አጠገብ አኖረ። «ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው። ስቆፍር አገኘሁት።»

ከድንጋይ ላይ የተላቀቀ የጭቃ ቁራጭ ነው። ስስ አድርገው ይለጥፉት የተባለው ጭቃ እንደ ድፎ ዳቦ ወፍሯል። በጎኑ ለሚያየው ሰው አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበው የጭቃ ሽፋን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከላይኛው በቀር ሁሉም በአንድ ቦታ ተሰንጥቀው ቆይተው፣ በስንጥቃቸው ውስጥ የላዩ ጭቃ ገብቶባቸዋል። ይህን ለማንበብ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም። አንሙት ደግሞ ግንበኛ ነው።

ቄስ አካለ ወልድ መስቀላቸውን አነሡ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። አንሙት ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ፤ በዚያ መስቀል ሥር በየጠዋቱ የተሰማው ቃል ምን እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ተነሣና አፈሩን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ።

«ደኅና ይዋሉ፣ አባቴ» ብሎ ሄደ።

ቄስ አካለ ወልድ መልስ ሊሰጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ «ደኅና» የምትለው ቃል ግን አልወጣችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ፣ ሰላምታው በማያልቅ አገር፣ ሰው «እንዴት አደሩ?» ባላቸው ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። አዲስ ለመጣ ሰው ኩሩ ቄስ ይመስሉታል። የግራራምባ ሰው ግን ዕድሜና ሐዘን ጆሯቸውን ደፍኖት ነው ብሎ ያዝንላቸው ነበር፤ አንሙትም ይህ ሲወራ ሰምቶ አላረመውም።