የእማዬ ቤት በረራ

አጎቴ ታዴዎስ ከጨንቻ ሲደውል እማዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ቁርጥ ያለ መልስ ግን አትሰጠውም።

«እትዬ ወርቄ፣ ምስጡ እኮ አልተወውም። የበላውን ከሥሩ በቆረጥን ቁጥር ቤቱ እያጠረ፣ አሁን በእንብርክክ ነው የምንገባው። ቅዳሜ የሚያፈርስ ሰው ይመጣል። አፍርሱት በይኝና ልረፍ።»

«እስቲ ላስብበት» ትልና ትዘጋዋለች።

እሷ የተወለደችበት የቀርከሃ ቤት ነው። ልጅ ሳለች ጎረቤቱ ሁሉ ውስጡ ገብቶ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ፣ ምስጥ የሌለበት ቦታ እንዳሳረፈው ታወራልናለች። ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ ካላት ወዲህ አላየችውም። ሳታየው መፍረሱ ነው የከበዳት።

መላ ያመጣችው እኅቴ ሉሊት ናት። ኮምፒውተሯ ላይ ከእንጨት፣ ከብረትና ከክንፍ የፈለጉትን የሚሠሩበት ጌም አላት፤ የተሠራውን ስበትና ነፋስ ይፈትኑታል። ከተራራው ሥር፣ ሲቀላ ባለው ቤታችን ሳሎን ቁጭ ብላ የጨንቻን ተራራ ከነገደሉ፣ የዓባያን ሐይቅ ከነቡናማ ውኃው ሠራች። ቀጥሎ ቤቱን፦ ቁመቱን እንደ ድሮው፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት የወጣውን መግቢያ፣ ውስጡን ደግሞ እማዬ እየነገረቻት፤ ምድጃ፣ መደብ፣ ከጓዳ የወፍጮ ድንጋይና ጥጃ። በመጨረሻ ግራና ቀኝ ክንፍ ተከለችበት።

«አንቺ መውጣት ካልቻልሽ እሱ ይውረድ» አለቻት። «በአየር።»

እማዬ ሳቀች። ቤቱ ከገደሉ ጫፍ ሲለቀቅ ግን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ፣ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ በጀርባው ወድቆ ተበታተነ። ቀርከሃው ሲረግፍ ፊቷን አዞረች።

«በቃ፣ አሳያችሁኝ። መፍረሱን።»

ሉሊት ወደ እኔ ዞረች። «ኢንጂነሩ! ቻይና ድረስ ሄደህ የተማርከው ኑድል መብላት ብቻ ነው?»

ሃርቢን ከተማ የአውሮፕላን ምህንድስና ተምሬአለሁ። ቀመሮቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ እኔ ያሰላሁት ነገር ከመሬት ሲነሣ ግን አይቼ አላውቅም። ከተመለስኩ ጀምሮ የሚበላኝ ይኸው ነው፤ ማወቄን ወይስ መሸምደዴን አላውቅም።

«ክብደቱ ወደ ኋላ በዝቷል» አልኩ፤ ድምፄ እርግጠኛ አልነበረም። «የክብደቱ መሐል ክንፉ ቤቱን ከሚያነሣበት ቦታ ቀደም ማለት አለበት። ጥጃውን ወደ በሩ አምጪው።»

እማዬ ዞር አለች። «ጥጃ በር ላይ ይታሰራል? አንተ የት አገር ነው ያደግኸው?»

«እንግዲያው የወፍጮውን ድንጋይ።»

አሰበች። «እሱን ውሰዱት።»

ድንጋዩን ወደ ፊት አመጣነው። ከኋላ ረጅም ቀርከሃ አስረን ጫፉ ላይ ትንሽ ጭራ ተከልን። ሉሊት ለቀቀችው።

«ወደቀ!» አለች እማዬ።

እውነትም ወደቀ። አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ጫካው ተወረወረ። ከዚያ፣ ፍጥነት ሲያገኝ፣ ማንም ሳይነካው፣ በቀስታ ቀና አለ። ሉሊት ሁለት እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ አሳየችን።

«እኔ አይደለሁም!»

«ነፋስ ጨምሪበት» አልኳት፤ አላመንኩም።

ጨመረች። ቤቱ ሽቅብ ተገፋ፣ ዘገየ፣ ራሱ አፍንጫውን ዝቅ አደረገ፣ ፈጠነ፣ እንደገና ቀና አለ። እያንዳንዱ መወዛወዝ ካለፈው ያንሳል። ይህን እየሞተ የሚሄድ ማዕበል ፈተና ላይ ሥዬዋለሁ፤ ያኔ መስመር ነበር። አሁን የሚመለሰው ቤት ነው፤ ምድጃውን፣ መደቡን፣ ጥጃውን ይዞ። የሚያዘው የለም፣ የሚደግፈው የለም። ቢገፉት እንዲመለስ ሆኖ ተገጣጥሟል፤ ይኸው ብቻ። ሰውነቴን አንዳች ነገር ወረረኝ።

«በስመ አብ» አለች እማዬ። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

የቤቱ ጥላ የሐይቁን ዳር ተሻገረ። ቡናማው ውኃ ላይ እንደ ትልቅ ወፍ ይሄዳል።

«በዚያ በኩል ያለው ምዕራብ ዓባያ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«የት ነው የሚያርፈው?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ስልኩ ጮኸ፤ ታዴዎስ ነው። ዓይኗን ከቤቱ ሳትነቅል አነሣችው።

«ታዴ፣ ቅዳሜ አፍርሱት።»

«ተመስገን! እትዬ… ምነው ድምፅሽ? ደኅና ነሽ?»

«ዝም በል፤ እያየሁት ነው።»