ሁለት ወይስ ሦስት

የጥገኝነት ማመልከቻቸው ውድቅ የተደረገው በአንድ ቁጥር ነው። ባልና ሚስቱ ለየብቻ ሲጠየቁ፣ አባትየው «ስንት ልጅ አለህ?» ተብሎ «ሦስት» አለ። እናትየዋ «ስንት ወለድሽ?» ተብላ «ሁለት» አለች። መርማሪው ለምን ብሎ ሳይጠይቅ «እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ የማይታመን ቃል» ብሎ ጽፎ ፋይሉን ዘጋ።

ሦስተኛዋ ሚጢጢ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የአባትየው ወንድምና የወንድሙ ሚስት በተገደሉበት ዕለት ከአልጋ ሥር ያወጣት እሱ ነው፤ ያኔ ጥርስ እንኳ አላበቀለችም። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው «የወንድሜ ልጅ» የሚል ቃል ተነግሮ አያውቅም። እኔም ያወቅኩት ለጠበቃቸው ሲናገሩ አስተርጓሚ ስለነበርኩ ነው።

ጠበቃቸው ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲመረመር አቤት አለች። በቀጠሮው ጠዋት በር ላይ ስንጠብቅ እናትየዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ ዘጠኝ ወር ተሸክሞ የማያውቅ ሁሉ ሆዴን ሊቆጥር ተሰበሰበ እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» አላት ባሏ።

«ይስሙኛ! ምን ሊገባቸው?»

ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ አይከፈትም፤ ምንጣፉ እርጥብ ፎጣ ይሸታል። ልጆቹ ከኋላ በቁመታቸው ተደርድረው ተቀመጡ። ማመልከቻውን ውድቅ ያደረገው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ጠበቃ ከረሜላ እየመጠጠ ተነሳ።

«አመልካቹ ዛሬም ሦስት ልጆች አሉኝ ይላል?»

ዳኛው ጨዋ ሰው ነበሩ። ያናደደኝም ጨዋነታቸው ነው። ፈገግ ብለው ወደ አባትየው ዞሩ። «ከጠበቃዎ ሳይሆን ከእርስዎ አፍ እንስማው፤ በአጭሩ ይመልሱልን። ትንሿ የእርስዎ ልጅ ናት ወይስ አይደለችም?»

አባትየው አናጺ ነው። ትልልቅ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ጌታዬ፣ ልጅቷ ትውጣልኝና ሁሉንም እነግርዎታለሁ።»

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። «እሷም አመልካች ናት። ስለ ራሷ ጉዳይ የመስማት መብት አላት።»

መብት! ቃሉን ስተረጉመው አፌ ውስጥ እንደ ፀጉር ተጣበቀ።

«ካልመለሱ ባለው መዝገብ እንወስናለን።» ባለው መዝገብ ከወሰኑ፣ አምስቱም ወደ ገዳዮቹ መንደር ይመለሳሉ።

አባትየው ወደ ኋላ አልዞረም። «የእኔ ልጅ አይደለችም» አለ። «የወንድሜ ልጅ ናት።»

አስተርጓሚ የራሱ ቃል የለውም፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ «እኔ» ይላል። «የእኔ ልጅ አይደለችም» አልኩ፣ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ሚጢጢ የአገሩን ቋንቋ ትምህርት ቤት ለምዳዋለች። ሁለት ጊዜ ሰማችው።

ከረሜላው ከጥርስ ጋር ተጋጨ።

«በሉ፣ አሁን ግልጽ ሆነ» አሉ ዳኛው ደስ ብሏቸው። ውሳኔው ተሻረ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደዚያው መሥሪያ ቤት፣ ወደዚያው መርማሪ ተመለሰ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃቸው «አሸነፍን!» ብላ እጄን ጨበጠችኝ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት። አባትየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። እናትየዋ ሚጢጢን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ «አትስሚያቸው፣ የኔ እናት» ትላለች። ልጅቷ ከእቅፏ ሾልካ ወደ እኔ መጣች።

«እዚያ መሥሪያ ቤትም ይሄንኑ ይጠይቁታል?»

አስተርጓሚ ምክር አይሰጥም ብዬ ዝም ልል ነበር። «አዎ» አልኳት።

የአባቷን ጀርባ ትንሽ አየችው።

«እንግዲያ እዚያ በእሱ ፈንታ እኔ ነኝ የምናገረው፣ በራሳቸው ቋንቋ» አለች። «አንቺም እንዳትደግሚው።»