አምስት ሊትር ቦርጭ

የልብስ ሰፊው የዋኘው ሆድ መነፋት የጀመረው በክረምቱ መጨረሻ ነው። የጎንደር ቁስቋም ሰፈር ሰው ግን "ተነፋ" አላለም፤ "ወፈረ" አለ። እንኳን ደስ ያለህ ያሉትም ነበሩ። ክንዱ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ሆዱ ብቻ ከፊት ከፊቱ ሲሄድ እያየ "ይህን ሰው ምን ነካው?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቦርጭ ያለው ሰው አይጠየቅም፤ ይከበራል። የእድሩ ሰዎች እንኳ ሃያ ዓመት ሙሉ በር ላይ ሲያስቀምጡት ኖረው፣ ሱሪው ሁለት ጊዜ ከሰፋ በኋላ ከሰብሳቢው ጎን ወንበር ሰጡት።

ዋኘውም ክብሩን አልገፋም። ፒያሳ ካለችው ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ የገዛ ሱሪውን ስፌት እየፈታ በጎንና በጎኑ ትርፍ ጨርቅ ያስገባል። ግራጫ ጨርቅ ሲያልቅበት ቡኒ አስገባ። ቡኒውም ሲጠበው ሸሚዙን ከላይ ለቀቀበት።

"ሸጋ ሆነሃል እኮ!" ይለዋል አያ ነጋ። አያ ነጋ ከሱቁ ውስጥ ካለችው አግዳሚ ላይ ከጧት እስከ ማታ ሳይነሣ የሚውል ጡረተኛ ወዳጁ ነው። "እግዜር ሲሰጥ በሆድ በኩል ነው የሚጀምረው።"

"ምነው ታዲያ ትንፋሼን ወሰደው?"

"ሀብት ይከብዳላ! ምን ታደርገው?" አለ አያ ነጋ ጉሮሮውን እየጠረገ።

ሚስቱ የትነበርሽ በዚህ ሀብት አላመነችም። ባሏ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ "ጠገብሁ" ይላል። ከሰዓት በኋላ ያተኩሰዋል፤ ሲተኛ ላብ ያጠምቀዋል። "ሳይበሉ የሚወፈርበትን ዘዴ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ያለንን እህል እሸጠዋለሁ" አለችና በጥቅምት መጀመሪያ ሆስፒታል ወሰደችው። በባጃጁ የኋላ ወንበር ዋኘውና ሆዱ ተደላድለው ሲቀመጡ፣ እሷ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ሄደች።

ዶክተር ሚስጥር የምትባለው ሐኪም ሠላሳ ዓመት መሙላቷም እንጃ። በጀርባው አስተኛችውና አንድ ጣቷን ሆዱ ላይ አኑራ በሌላው ጣት ታንኳኳ ጀመር። መካከሉ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ጎንና ጎኑ ግን እንደ ሞላ እንስራ ድፍን ነው። በጎኑ አዙራ ደግማ አንኳኳች። ድፍኑ ድምፅ ቦታውን ቀየረ።

"ጋሼ፣ ይህ ስብ አይደለም። ውሃ ነው።"

"የምን ውሃ? እኔ ውሃ መጠጣትም አልወድ።"

"የሚጠጡት ውሃ አይደለም። ሆድዎ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ከጉበት ሊመጣ ይችላል፤ ከልብ፣ ከኩላሊት፣ ከሌላም በሽታ። አረቄ ይጠጣሉ?"

"በዓል ሲሆን።"

የትነበርሽ ወደ ጣሪያው አየች። ጎንደር ላይ በዓል ያልሆነ ቀን ፈልጎ ያገኘ ሰው ካለ እሰየው።

አልትራሳውንዱም ከሐኪሟ ጋር ተስማማ፤ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል። "ከየት እንደመጣ የሚነግረን ራሱ ውሃው ነው" አለች ዶክተር ሚስጥር። "በቀጭን መርፌ ትንሽ ቀድቼ ላስመርምረው።"

ዋኘው ከአልጋው ለመነሣት ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ቻለ።

"መርፌ አይነካኝም።"

"ምነው?"

"አባቴን አዲ አርቃይ ላይ እንዲሁ ሆዱን ቀዱት። በአራተኛው ቀን ቀበርነው። የተቀዳ ሆድ አይድንም፤ አገር ያውቀዋል።"

ሠላሳ ዓመት መርፌ ያበላው ሰው መርፌ ፈራ። ሐኪሟ ለመነችው፣ አስረዳችው፣ በወረቀት ላይ ሳይቀር ሣለችለት። ዋኘው ሥዕሉን አይቶ "ሸጋ እጅ አለሽ" አላት እንጂ ንቅንቅ አላለም።

"እንግዲያ ሳላውቅ ላክምዎ ነው" አለች። "የሚያሸና ኪኒን እሰጥዎታለሁ። ጨው የሚባል አይቀምሱ። በየማለዳው ሆድዎን በእምብርትዎ ላይ ዙሪያውን ለክተው ይጻፉ። በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ መርፌው አይቀርም። መለካት ይችላሉ?"

ዋኘው ተቀየመ። የጎንደርን ግማሽ ወገብ የለካ ሰው ነው።

እዚህ ላይ የዋኘውን አለካክ ማወቅ ያስፈልጋል። ወንድ ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ጣት ጨምሮ ጮክ ብሎ ያነባል፤ "መቶ ዐሥር! ይጨምርልህ!" ሴት ስትሆን አራት ጣት ቀንሶ፣ እሱንም በጆሮዋ ሹክ ይላታል። እውነተኛውን ቁጥር በልቡ ይዞ ነው ጨርቁን የሚቆርጠው። ልብሱም ልክ ይሆናል፤ ሰውዬውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ይህን ውሸት ያለ ደንበኛ እስካሁን አልተገኘም፤ ጨዋነት ነው።

ይህን ጨዋነት ለራሱም አልነፈገም። በመጀመሪያው ማለዳ ሜትሩ መቶ ዐሥራ ስምንት አለ፤ ዋኘው መቶ ዐሥራ ሰባት ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ሜትሩ አልተነቃነቀም፤ እሱ መቶ ዐሥራ ስድስት ጻፈ። ጾመ ጽጌ ነው፤ የትነበርሽ ጨው የሌለው ሽሮ ሠርታ ታቀርባለች። ብቻውን እንዳይከፋው ብላ እሷም ያንኑ ትበላለች። ጎረቤት ቀምሶ "ማን ሞተባችሁ?" ይላል። ኪኒኑ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ጓሮ ያስሮጠዋል፤ ደንበኛ በግማሽ ሱሪ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ዋኘው በደብተሩ ላይ መቶ አራት ሆኗል። በደብተሩ ያለው ዋኘው ድኗል ማለት ይቻላል። ከደብተሩ ውጭ ያለው ግን የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ሚስቱ አሠረችለት።

ዶክተር ሚስጥር ደብተሩን ተቀብላ አነበበች። ከዚያ ሰውዬውን አየች። ከዚያ ደግሞ ደብተሩን አየች።

"እስቲ ሜትሩን ይስጡኝ።"

ለካችው። መቶ ሃያ ስድስት።

"ጋሼ፣ ሜትሩ ደኅና ነው?"

"ሜትሩስ ደኅና ነበር" አለች የትነበርሽ። "የታመመው አንባቢው ነው።"

"እኔ ይህን አምኜ ቢሆን፣ መድኃኒቱ ሠርቷል ብዬ ወደ ቤትዎ እሰድዎ ነበር" አለች ሐኪሟ። አልተቆጣችም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። "እስቲ በጀርባዎ ይተኙልኝ።"

ተኛ። ሆዱ ወደ ደረቱ ወጥቶ ትንፋሹን ዘጋው። እንደ ሰጠመ ሰው እጁን እያራገበ ቀና አለ። ሐኪሟ ከጀርባው ትራስ ደርድራ አስደገፈችው።

"አይሆንም" አለ እያለከለከ። "አባቴን ያየሁ ሰው ነኝ።"

የትነበርሽ ነጠላዋን አስተካክላ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

"አባትህን መርፌ አልገደላቸውም።"

"ዝም በይ አንቺ።"

"ሰባት ወር ሆዳቸው ተነፍቶ ተኝተዋል። ማኪና ይፈለግ ስንል፣ ጤፉ ይወቃና ያልኸው አንተ ነህ። ጤፉ ተወቃ። ሽምብራው ደግሞ አለ አልህ። ሐኪም ዘንድ ስናደርሳቸው ጠብታ ውሃ እንኳ ከጉሮሯቸው አይወርድም ነበር። ራሳቸውን ደግፌ የያዝሁ እኔ ነኝ፤ አይቻለሁ።"

ዋኘው የሸሚዙን ቁልፍ ይዞ ያዞር ጀመር።

"ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?"

"መርፌውን መጥላት ይቀልህ ነበራ።"

ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። "ቅጂው" አለ። "ብሞት ግን የእድር ወንበሬን ለማንም እንዳትሰጡ።"

ቆዳውን አደነዘዘችና መርፌውን ከታች በግራ ጎኑ አስገባች። ዋኘው ዓይኑን ጨፍኖ "አቤቱ" ሲል፣ ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ይወርድ ጀመር። ለምርመራ የሚሆነውን በብልቃጥ ያዘች፤ የተረፈው ለትንፋሹ እፎይታ ነው ብላ ቀስ በቀስ አፈሰሰችው። ቢጫ ነው፤ ጥርት ያለ። የትነበርሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

"ጠጅ ይመስላል። ይኸው በዓሉ ሁሉ ወጣ።"

ባለ አምስት ሊትሩ ዕቃ እስከ አንገቱ ሞላ። እድሩ ወንበር የሰጠው፣ ሰፈሩ እንኳን ደስ ያለህ ያለው ያ ሀብት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ዋኘው ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባው ተኝቶ፣ ፍርሃቱንም ረስቶ እንቅልፍ ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ።

"የሆድ ቲቢ ነው" አለች ዶክተር ሚስጥር። "ጉበትዎም ልብዎም ደኅና ናቸው። መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጡ ከዋጡ ይድናሉ። አረቄ ግን የለም።"

"በዓል ሲሆንስ?"

"በዓል ሲሆንም። የሚያሸናውን ኪኒን ያቁሙ። ጨውም ይብሉ።"

ዋኘውና የትነበርሽ ተያዩ።

"እንዴት ጨው ይብሉ?" አለች የትነበርሽ።

"ጨው መተውና ማሸኛው የሚጠቅሙት ውሃው ከጉበት ወይም ከልብ ሲመጣ ነው። ለዚህኛው እምብዛም አይሠሩም። ያን ቀን ቀድቼ ቢሆን ያን ቀን አውቀው ነበር።"

የትነበርሽ ሁለት ሳምንት የበላችውን ሽሮ አንድ በአንድ የምታስታውስ ይመስል ባሏን ትክ ብላ አየችው። ዋኘው መስኮቱን ተመለከተ።

"ሌላም አለ" አለች ሐኪሟ። "ይህ በሽታ ከሰው ትንፋሽ ነው የሚመጣው። እርስዎም እመቤት ይመርመሩ። አጠገብዎ ብዙ ጊዜ የሚያስል ሰው አለ?"

ያቺ ጠባብ ሱቅ፣ ያቺ አግዳሚ፣ ከግንቦት ጀምሮ "ብርድ መትቶኝ ነው" እያለ ጉሮሮውን የሚጠርገው ሰው በዋኘው ዓይን ላይ መጡ።

በአራተኛው ቀን፣ የተቀዳው አባቱ የተቀበረበት ቀን ነውና፣ ዋኘው ከቤቱ ሆኖ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ሲጠብቅ ዋለ። የትነበርሽ ከምጣድ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ምጣድ እያለች በስርቆሽ ታየዋለች። ከሰዓት በኋላ አያ ነጋ ጋቢውን አጣፍቶ፣ የለቅሶ ፊቱን ይዞ፣ ከበር ላይ ሳለ "እግዜር ያጥናሽ" ሊል አፉን አሹሎ ገባ። ዋኘው ሽሮውን በጨው እያጣጣመ ነበር።

"አለህ እንዴ!" አለ አያ ነጋ፤ ትንሽ ቅር ያለውም ይመስላል። "ቀዱህ ሲባል እኮ..." ንግግሩን ሳይጨርስ ሳሉ ያዘው። ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳለ።

ዋኘው እንጀራውን አስቀመጠ።

"ሳልህ ስንት ወር ሆነው አያ ነጋ?"

"ተወው፤ ብርድ ነው።"

"ሐኪም ይይህ።"

"አሁንማ ዝግጅት ነው። ቁስቋም ትንገሥ፣ በዓሉ ይለፍና እሄዳለሁ።"

ዋኘው ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። ኮቱን ለበሰ፤ ጎንበስ ብሎም ጫማውን ራሱ አሠረ።

"መስኮቱን ክፈቺ" አላት ለየትነበርሽ። "ባጃጅም ጥሪልን።"

"ወዴት?" አለ አያ ነጋ።

"ዛሬ" አለ ዋኘው፤ ክንዱን ይዞ አስነሣው።