ተገልብጦ የተቀመጠው ካርድ

የሥራ አማካሪዋ የሥራ ሥዕል የታተመባቸውን ካርዶች ለሹፌሯ ሰጠቻትና፣ «የሚወዱትን ሥራ በቀኝ፣ የማይወዱትን በግራ ያስቀምጡልኝ። ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም» አለቻት።

ሹፌሯ ረጅም አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ስታዞር የኖረች ሴት ናት። በመኪና አደጋ ግራ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ እንጂ ምላሷ አልተቆረጠም። ካርዶቹን እንደ ቁማርተኛ ታድላቸው ጀመር። ልብስ ሰፊ፣ ቀኝ። ሰዓት ጠጋኝ፣ ቀኝ። ስልክ ተቀባይ፣ ቀኝ። አናጺ፣ ግራ። አጠገቧ የተቀመጠችው ታላቅ እህቷ ቀኝ በተባለ ቁጥር ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች። ሆስፒታል ውስጥ አጥባ፣ አጉርሳ ያስታመመቻት እሷ ናት፤ «ሁለተኛ መሪ እንዳትነኪ» ብላ ቃል ያስገባቻትም እሷው ናት።

አማካሪዋ የቀኙን ክምር አገላብጣ ፈገግ አለች። «እርስዎ የመረጡት ሥራ ሳይሆን ወንበር ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ተቀምጦ የሚሠራ ነው።»

«ታዲያ በአንድ እግሬ ቆሜ ልዋል?»

«የሚቻለውን ኋላ አብረን እናያለን። አሁን የጠየቅኩት የሚወዱትን ነው። ደግሞ ይሄ አልገባኝም።» ከግራው ክምር ሥር ተገልብጦ የተቀመጠ ካርድ መዘዘች። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ሹፌር ቆሞ ይነዳል እንዴ?»

«መንዳት አልወድም» አለች ሹፌሯ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እህቷ እንኳ በዚህኛው ራሷን አልነቀነቀችም፤ አንገቷን ደፋች።

ሹፌሯ ያን ስታይ መዋሸቱ አስጠላት። የእህቷ ውለታ ከባድ ነው፤ ውሸቱ ግን ከዚያ ባሰባት።

«ዋሸሁ» አለች። «እወዳለሁ። አውቶማቲክ መኪና ግራ እግር አይፈልግም፣ ጠይቄያለሁ። እትዬ፣ ከቃሌ ፍቺኝ።»

«ደግሞ ስልክ ተደውሎልኝ እንደዚያ ቀን ልሩጥ?» አለች እህቷ።

«ፍርሃትሽ ይገባኛል፤ እኔም እፈራለሁ። ግን አንቺ እንድትረጋጊ ብዬ ዕድሜ ልኬን የሰው ልብስ ቁልፍ ስተክል አልኖርም።»

አማካሪዋ የሐኪም ምርመራም የመንጃ ፈተናም እንደሚጠብቃት አስታወሰቻት።

«ፈተናውን ለእኔ ተይው» አለቻት ሹፌሯ።

እህቷ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። ካርዱን አንስታ የሹፌሩን ሥዕል ቆይታ ቆይታ አየችና ካርዱን በገዛ እጇ ወደ ቀኝ ወሰደችው።

«ይሄ ሰውዬ ቀበቶ አላሰረም» አለች። «አንቺ ግን ታስሪያለሽ።»