ሞተሩ ያዘነ ዕለት

የትራክተሩ ሞተር ሁለቴ ተንተባተበ፤ ተንዘፈዘፈና ጸጥ አለ። ከፓምፑ አፍ ክትሩን ተሻግሮ ይወረወር የነበረው ውሃ አጠረ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። ሉዋ እጇን ከመሪው ሳታነሣ ወደ ማሳው ተመለከተች። ከአፈር ክትሩ ወዲያ ወንዙ አብጧል። ወዲህ፣ በሩዙ ጥግ፣ የአባቷ የኪየም መቃብር አለ። ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አፈሩ ገና አልጠበቀም፣ ሲሚንቶም አልለበሰም።

“ይኸው፣ ሲጠፋ ሦስተኛ ጊዜው!” አለ አጎቷ ቢኝ ከክትሩ ላይ ሆኖ። “ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ይሞታል። ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ይሞታል። ደመወዝ የቀረበት ሠራተኛ መሰለ’ኮ!”

“ውሃው የት ደረሰ፣ አጎቴ?”

ቢኝ ውሃውን ሊለካበት ከመቃብሩ አጠገብ የተከለውን ቀርከሃ አየ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

“መቃብሩን ሊነካ ሁለት ስንዝር ቀርቶታል።”

ጨረቃ የምትሞላበት ዕለት ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ባሕሩ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እስከ ዐሥር ሰዓት ይሞላል፣ ከዚያ በራሱ ይጎድላል። ያለፈው ሌሊት ዝናብ ደግሞ ክትሩን አላልቶት ውሃው ከሥሩ ይሰርጋል። ፓምፑ ከሠራ ማሳው ይተርፋል። ካልሠራ ያ ልል የመቃብር አፈር እንደ ስኳር ይሟሟል። ገና ስምንት ሰዓት ነው። የከተማው መካኒክ መንገዱ በውሃ ተቆርጦበት መምጣት አልቻለም።

ሉዋ መፍቻ ፍለጋ ወደ ቤት ስትገባ፣ ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች በረንዳው ላይ ሻይ ይዘው የሐብሐብ ፍሬ ይፈለፍላሉ። ኛን የተባለችው ጎረቤት ድምጿ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

“በክፉ ሰዓት የሞተ ሰው ብቻውን አይሄድም። ያ ብረት አንዱን በልቷል፤ ሁለተኛ ይፈልጋል። ልጅቷን ከላዩ አውርዷት!”

“ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማለች።”

“ትስማ! ለሷው ብዬ አይደል?”

ሰማች። የራሷን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ የሰማች ያህል ሆነባት። አባቷን ከአምስት ቀን በፊት ሞቶ ያገኙት እዚያው ትራክተር ላይ ተደግፎ ነው። እሱ ቀዝቅዟል፤ ሞተሩ ግን ይሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ባዞረች ቁጥር ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይቆማል።

እናቷ ከሟቹ ባሏ ፎቶግራፍ ፊት የምሳውን ሩዝና ዓሣ አስቀምጣ መብያ እንጨቶቹን ታስተካክላለች።

“ብላ እንግዲህ” ትለዋለች። “ጨው በዝቶበታል። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።” ከዚያ ሳትዞር፣ “ተዪው ልጄ። መቃብር ይታደሳል። አንቺ አትታደሺም።”

“እማዬ፣ የሬሳ ሣጥኑ ይንሳፈፋል’ኮ።”

 ሣጥን ሲንሳፈፍ ሁለቱም ከዚህ በፊት አይተዋል።

በታላቁ ጎርፍ ዓመት፣ ሉዋ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የጎረቤታቸው የኛን አማት የሬሳ ሣጥን ከመሬት ወጥቶ በማሳዎቹ መካከል እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ ዋለ። ወንዶቹ ሁሉ ዳር ቆመው ተያዩ። ኪየም ብቻ ገመድ በወገቡ አስሮ እስከ አንገቱ ገባ፤ ሣጥኑን አሰረው፤ በትራክተር ጎትቶ ከፍ ያለ ቦታ አደረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ “ኪየም ፍርሃት አያውቅም” ይል ጀመር።

ሉዋ ግን ከትራክተሩ ኋላ ተደብቆ ሲያስመልሰው አይታለች።

“አባዬ፣ ፈርተህ ነበር?”

“አሁንም እየፈራሁ ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።” አፉን በእጅጌው ጠረገ። “ፍርሃት አይገድልም። ክፋቱ መንገድ ያዘልላል። ሞተርም ሲያስቸግርሽ እንደዚያው ነው። መሐል ላይ ዘለሽ አትግቢ። ናፍጣው ከሚነሣበት ጀምረሽ እስከሚያልቅበት እየተከተልሽ ሂጂ።”

ሉዋ ከበረንዳው መስማት የማትፈልገውን ሁሉ እየሰማች መፍቻውን ይዛ ወደ ትራክተሩ ተመለሰች።

የናፍጣ ማጣሪያውን ቡሎን አላላች፤ በእጅ የሚገፋውን ትንሽ ፓምፕ ደጋግማ ገፋች። በመጀመሪያው ጊዜ አረፋ ወጥቶ ነበር፤ አየር ገብቶበታል ብላ አስወጥታለች። አሁን ግን አረፋም የለም። ምንም የለም።

“ናፍጣ አልቆ ይሆን?” አለ ቢኝ።

“ከቀብሩ በፊት ሞልተነዋል፣ አጎቴ። አንተው አይደለህ ናፍጣውን በጀልባ ያመጣኸው?”

“እንጃ! እኔ የጀልባ ሰው ነኝ። ጀልባ እምቢ ሲል ትቀዝፊዋለሽ። ይሄን በምን ልቅዘፈው?”

የናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ ሰልባትዮው፣ ሙሉ ነው፤ ከእሱ የሚወርደው ቧንቧ ግን ደረቅ። የሉዋ እጅ ቆመ። ሦስት ጊዜ ከማጣሪያው ጀምራለች። ናፍጣው የሚነሣው ግን ከላይ፣ ከሰልባትዮው ነው። ፈርታ መንገድ ዘልላለች።

ጎማው ላይ ወጥታ ወደ ሰልባትዮው ክዳን እጇን ስትዘረጋ ነጩ የሐዘን ጨርቅ ነካት።

የቀብሩ ዕለት ቢኝ በግቢው ዞሮ ለማንጎዎቹ፣ ለኮኮናቶቹ፣ ለጀልባዋም ሳይቀር ነጭ ጨርቅ አስሮላቸው ነበር። ጌታው መሞቱ ያልተነገረው ዛፍ ይደርቃል ይባላል። ወደ ትራክተሩ ግን ፈርቶ ዝር አላለም። ስለዚህ ሉዋ ራሷ አሰረችለት። አባቷ በየማለዳው እጁን የሚያሳርፈው ክዳኑ ላይ ስለ ነበር፣ እዚያው ክዳኑ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አጥብቃ አሰረች። ዝናቡ ጨርቁን አርሶ ከብረቱ ጋር አጣብቆታል። ከሥሩ ያለችውን፣ ሰልባትዮው የሚተነፍስባትን መርፌ የምታህል ቀዳዳ ደፍኗታል። አየር ካልገባ ናፍጣው አይወርድም።

“እኔ ነኝ” አለች። “አጎቴ፣ ያነቅሁት እኔ ነኝ።”

ቋጠሮውን መፍታት ስትጀምር ኛን ከበረንዳው ጮኸች።

“አትፍቺው! ሐዘን ያለ ጊዜው አይፈታም! ሟቹ እንዲወስድሽ ነው የፈለግሽው?”

ሰዎቹ ተነሡ። ቢኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የሉዋ ጣቶች ቋጠሮው ላይ ደረቁ። ፓምፑ ዝም ባለበት ሰዓት ውሃው ሩዙ ሥር ሲገባ ሽርር ይላል፤ ሁሉም ሰሙት።

እናቷ ባዶ እግሯን ወደ ጭቃው ወረደች።

“ኛን፣ አማትሽን ከውሃ ያወጣው ማን ነው?”

ኛን ተመልሳ ተቀመጠች።

“ሉዋ፣ ፍቺው። ከሐዘን አታወጪውም፤ የጨርቁን ቦታ ነው የምትቀይሪለት።”

ውሃ የጠጣው ቋጠሮ በጣት አልፈታ አለ። ሉዋ በጥርሷ ያዘችው፤ ናፍጣና ዝናብ ቀመሰች። ክዳኑን ስታዞረው ሰልባትዮው “እስስስ” እያለ ረጅም አየር ወደ ውስጥ ሳበ። በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ጩኸቷን በእጇ አፈነች።  ጨርቁን መሪው ላይ አሰረችው። ወርዳ ትንሹን ፓምፕ ገፋች፤ አረፋ መጣ፣ ከዚያ አረፋው ቀጥኖ ንጹሕ ናፍጣ በጣቶቿ መሐል ፈሰሰ። ቡሎኑን አጠበቀች።

“ባትሪው አንድ ጊዜ ቢያስነሣ ነው” አለች።

“አንድ ይበቃል” አለ ቢኝ። ወደ ኋላ የሄደበትን እርምጃ ተመልሶ መጣና ከጎማው አጠገብ ቆመ።

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አቃሰተ፣ ዘገየ፣ ሊቆም ሲል ያዘ። ጥቁር ጭስ ተፋ። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ተወጠረ፤ ፓምፑ ሳለና ውሃውን ከክትሩ ወዲያ ወረወረው።

 ሩብ ሰዓቱን ጠበቁት። ሉዋ ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ዐይኗን ትጨፍናለች። ሩብ ሰዓት ሞላ። ሃያ ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት።

“ቆመ!” ሲል ቢኝ ጮኸ፤ ሉዋ ወደ ሞተሩ ዞረች። “ውሃው! ውሃው ነው የቆመው!”

“አጎቴ፣ እንደዚያ እያልክ ልትገድለኝ ነው?”

ቢኝ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበት። ሉዋ ግን ከሞተሩ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም። ውሃው የመቃብሩን ግርጌ ነክቶ ከጣት ስፋት በላይ ሳያልፍ ቆይቶ፣ ዐሥር ሰዓት አልፎ ወንዙ መጉደል ሲጀምር ነው የወረደችው።

በሩዙ መሐል ብቻዋን ሄደች። ውሃው ከመቃብሩ እግር ስር ትንሽ አፈር ቦርቡሮ ወስዷል። ተንበርክካ በሁለት እጇ ጭቃ ዘገነች፤ ቦታውን ሞላች፤ በመዳፏ ጫነችው። እጇን ስታነሣ የአምስቱ ጣቶቿ ቅርጽ ጭቃው ላይ ቀረ። ልታስተካክለው አጎነበሰች።

ተወችው።