የእናትዎን ፊት አይጠብቁ

ልብስ ሰፊዋ የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ፊቷ ላይ በጠመኔ የተሠመሩ ሁለት ነጭ መስመሮች ነበሩ። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ተነሥተው እስከ ከንፈሯ ጫፍ የሚወርዱትን እጥፋቶች ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ፣ በሜትር ለክታ፣ ምልክት አድርጋባቸው ነው የመጣችው። ልክ ሳይሰጡ ሥራ ማዘዝ እሷ ዘንድ ነውር ነው። አጠገቧ ያሉት ወይዘሮ ሰረቅ አድርገው ያዩዋታል፤ እሷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ የግድግዳውን ማስታወቂያ ታነባለች፦ «የእናትዎን ፊት አይጠብቁ! መጨማደዱን በፊለር መርፌ ዛሬውኑ ያስሞሉ።»

ቆርጣ ነው የመጣችው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ደንበኞች ጨርቃቸውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው፣ ቀና ብለው ፊቷን አይተው፣ መልሰው አጥፈው ሄደዋል። የመጨረሻዋ የሙሽራ እናት ነበረች። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ዓይንዎ ያያል?» አለቻት። መነጽር ማድረግ ከጀመረች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ያኔ ማንም አልጠየቃትም። የሚጠይቋት ስለ ዓይኗ፣ የሚያዩት ግን ጉንጯን መሆኑ ያን ዕለት ገባት። የስፌት መኪናዋ አቧራ ለብሶ፣ እሷ ደጅ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ታያት። በቁሟ!

«ቁጥር አሥራ አራት!»

ገባች። ነጭ ካፖርት የለበሰችው ሐኪም ጓንቷን እያጠለቀች ዘወር ስትል ክው ብላ ቀረች። የልብስ ሰፊዋ የገዛ ልጅ ናት።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? ፊትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ምልክት አድርጌልሻለሁ። ተራዬ ነው፤ ጀምሪ።»

«ቀልድሽን ተይ። አንቺ እኮ እንዲሁ ቆንጆ ነሽ። መጨማደድ ጸጋ ነው።»

«እንዴታ! ውጭ የተለጠፈውን ማን ጻፈው?»

ሐኪሟ የገባ ጓንቷን እንደ አዲስ ታስገባ ጀመር። «እሱማ... ማስታወቂያ ነው። አንቺን ለማለት አይደለም።»

«ስንት እናት አለሽ?»

«ሰው ምን ይላል፣ እማዬ? እናቷን ወጋች ነው የሚሉኝ።»

«የሰው እናት ስትወጊ ስትውዪ ምን አሉሽ?»

ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ላንቺ ሲሆን እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቀልዷን ተወች። የልጇን እጅ ያዘችው። «ስሚ። ትምህርት ቤት የገባሽ ዕለት የለበስሽውን ዩኒፎርም ስሰፋ የኔም እጅ ተንቀጥቅጧል። ታዲያ ራቁትሽን ላክሁሽ? እኔ ያለ መቀስ አልኖርም፣ ልጄ። በይ መርፌሽን አንሺ።»

ማደንዘዣ ቅባቱ ተቀባ፤ ጠመኔው ተጠረገ። ልጅ ትንፋሿን ውጣ መርፌውን አስገባች።

«ይህ ጄል የሚቆየው አንድ ዓመት ገደማ ነው።»

«የኔ ስፌት ሃያ ዓመት ይቆያል።»

«አትናገሪ፣ መርፌው ጉንጭሽ ውስጥ ነው!»

«እም... ቀኙን ጠበቅ...»

«እማዬ!»

ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋ መስታወት ተቀብላ፣ ከቦርሳዋ ሜትሯን መዝዛ ግራ ቀኟን ለካች። «ቀኙ በክር ውፍረት በልጧል።»

«እብጠት ነው፤ በቀናት ውስጥ ይወርዳል።»

«ካልወረደ ትፈቺዋለሽ።»

ወረደ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ሰማያዊ ሐር ይዛ ሱቋ ገባች። «እትዬ፣ ለቅዳሜ ቀሚስ ታደርሺልኛለሽ?» ልኳን አስወሰደች፤ ስለ ዓይን ያነሣችው ነገር የለም።

ደስታውስ ደስታ ነው። ነገር ግን ደህና ሰፊ ስፌቱን ግራና ቀኝ ጎትቶ ሳይፈትን ልብስ አያስረክብም። መነጽሯን አወለቀች፤ መርፌዋን ሆን ብላ ጣለች። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ትዳብስ ጀመር። የሴትየዋን ጫማ ጨበጥ አደረገችና፣ «ይህ ደግሞ የወንበሩ እግር ነው?» አለች።

«የኔ እግር ነው!» ደንበኛዋ በሣቅ ፈረሰች። «ቀልደኛ ነሽ፣ እትዬ! በይ ቅዳሜ እመጣለሁ።» ሐሯን ትታ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። መነጽሯን አደረገች፤ መርፌዋን ከመኪናው እግር ሥር ለቀም አድርጋ ኮሌታዋ ላይ ሰካችና ክሊኒክ ደወለች።

«ልጄ፣ ስፌትሽ ይዟል» አለች። ስልኩን ዘግታም መቀሷን አነሣች።